የአያ ስድስቴ ምላስና የሉዋ ሥራ

አያ ስድስቴ ኪየም የልጅ ልጃቸውን ከሞኝነት ሊያድኑ ወደ ካን ቶ ከተማ በተነሡበት ቀን ጀልባው ዘገየ። በሰዓቱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ልጅቷን አስከትለው በማግስቱ ወደ ደሴታቸው ይመለሱ፣ እሷም በወረዳው ባንክ መስኮት ጀርባ ቁጭ ብላ የሰው ገንዘብ ስትቆጥር ትኖር ነበር። ባንክ ክፉ ቦታ ነው ለማለት አይደለም። ለሌላ ነገር የተፈጠረን ሰው ግን ጥሩ ወንበር ስላለው ብቻ እዚያ ማስቀመጥ ያሳዝናል።

መትከያው ላይ ሞተር ብስክሌት የደገፈ፣ ዳክዬ በቅርጫት የያዘ፣ ልጅ ያቀፈ መንገደኛ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። አያ ስድስቴ ለልጅ ልጃቸው የያዙትን የዓሣ ወጥ ድስት በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው፣ አርባ ዓመት ከተሻገራት ሴት አጠገብ ተቀመጡ። ሴትዮዋ የተቀቀለ በቆሎ ትግጣለች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ስለ ነበረ የአትክልት ባለቤት መሰለቻቸውና ገና ሳትናገር ወደዷት።

በወንዙ አገር ሰው ከስሙ በፊት ዕድሜው፣ ከዕድሜው ቀጥሎ ደግሞ ለወላጆቹ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። የሚጠራውም በዚያው ቁጥር ነው።

«ስንተኛ ነሽ ልጄ?» አሏት።

«ሁለተኛ ነኝ አባቴ። ሁለቴ ቱየት ይሉኛል።»

«እንግዲያ የበኩር ልጅ ነሻ። እኔ ስድስተኛ ነኝ።»

የበኩር ልጅ ሁለተኛ መባሉ ከሌላ አገር የመጣን ሰው ግራ ያጋባል። ነገር ግን ልጄ አንደኛ ነው ብሎ ለክፉ መንፈስ የሚጠቁም ወላጅ በዚያ ወንዝ ዳር አልተወለደም። ሁለቴ ቱየት ከበቆሎዋ ግማሹን ሰብራ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም እየጋጡ ሆዳቸውን ዘረገፉላት። ልጃቸውና ምራታቸው በሩቅ ከተማ ባለ የጫማ ፋብሪካ ሲሠሩ ሉዋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከአትክልታቸው ዱሪያን የሚሉትን ትልቅ እሾሃማ ፍሬ ሸጠው አስተማሯት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ አጎቷም በወረዳው ባንክ ቦታ አዘጋጅቶላታል። ልጅቷ ግን አሻፈረኝ ብላለች። ለባንኩም ለዩኒቨርሲቲውም መልስ መስጠት ያለባት ዛሬ ነው፤ ያለ አያቷ ቃል ደግሞ አትወስንም።

«ባንኩ የደንብ ልብስ አለው፤ የአዲስ ዓመት ጉርሻ አለው፤ ጡረታ አለው» አሉ አያ ስድስቴ። «እሷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀርቼ የምርምር ረዳት ልሁን ትለኛለች። ኮድ መጻፍ፣ ዳታ መተንተን ነው አሉ ሥራው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ መዋል። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ በማፍጠጥ ደመወዝ ሲበላ ያየሁት ዘበኛን ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ በቆሎው ትን እስኪላት ሳቀች። እዚህ ላይ ማን እንደሆነች ብትናገር ጨዋነት ነበር። ነገር ግን እውነቱን እንዲያወሩላት የምትፈልግ ሰው አንዳንዴ ጨዋነቱን ለጥቂት ጊዜ ታቆየዋለች፤ ቱየትም አቆየችው።

«ምርምርን ለምን ጠሉት?» አለቻቸው።

«ምርምርን መች ጠላሁ፤ ተመራማሪዎቹን ነው እንጂ። እንግዳ ሆነው ይመጣሉ። ስንት ዛፍ አለህ፣ ስንት ሞተብህ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ዱሪያናችንን ይበላሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አናያቸውም። የነገርናቸው ነገር የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።»

«ይህስ እውነት ነው» አለች ቱየት፤ ፊቷም ትንሽ ቀላ።

«ደግሞም ሥራው በኮንትራት ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ደህና ዋይ ይሏታል። ባንክ አያልቅም።»

«ይህም እውነት ነው፤ ልዋሽዎት አልችልም። ጥናት ያልቃል። ነገር ግን አያ ስድስቴ፣ እርስዎ ዱሪያን ማዳቀል ያውቃሉ አይደል? አትክልትዎን ጎርፍ ቢወስደው ያ እውቀት አብሮ ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል፤ እጄ ላይ ነው ያለው።»

«የሷም እንደዚያ ነው። አንዱ ጥናት ሲያልቅ ሌላው ይጠራታል። ዛሬ የሐኪሙም፣ የዓሣ አርቢውም፣ የአየር ጠባይ ተመልካቹም ምርምር ቤት ዳታ የሚተነትንለት ሰው ፍለጋ ነው የሚዞረው። ዲግሪ የያዘ ሞልቷል። ከመቶ ሺህ ሰው የተሰበሰበን ቃል አሰልፎ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ የሚችል ግን በጣት የሚቆጠር ነው።»

አያ ስድስቴ በቆሎውን ወደ ውሃው ወረወሩ። የሚያዳምጡ መስለው ነበር፤ ግን አልነበሩም። ሽማግሌ ነገር ሲጥመው ዝም ይላል፤ ሳይጥመው ሲቀር ደግሞ ተረት ይጠራል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። «ኮምፒዩተሯ ውሃ ትቀምሳለች? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወንዙን በምላሴ ቀምሼ ነው ይህን አትክልት ያቆየሁት። ወረዳው ባለፈው ዓመት የጨው መለኪያ የሚሉት እስክሪብቶ የመሰለ ነገር አድሎን ነበር። የኔ የት እንደገባ አላውቅም። ጎረቤቴ አምስቴ ሎክ ግን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል።»

በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ባሕሩ ሽቅብ ይመጣል። የአትክልት ባለቤት ውሃው ጣፋጭ በሆነ ሰዓት የቦዩን በር ከፍቶ ዛፎቹን ማጠጣት፣ ጨው ሲገባ ደግሞ በሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አለበት። ዱሪያን ቅብጥብጥ ዛፍ ነው። ሌላው ዛፍ የሚችለውን ጨው እሱ አይችልም፤ ቅጠሉን ያራግፍና ቆሞ ይሞታል። የአያ ስድስቴም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደዚሁ ቆመው ሞቱ፤ እሳቸው ግን በሽታ ነው ይላሉ። የቀሩት ዛፎች የዕድሜያቸው ድካም በሙሉ ናቸው። ሚስታቸውን ሲቀብሩ ያላለቀሱ ሰውዬ ዛፎቹ የረገፉ ጊዜ አልቅሰዋል እየተባለ ይወራል።

«ዛሬም ጠዋት ቀምሼዋለሁ» አሉ። «ማር ነው። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሞላ በሩን እንዲከፍትልኝ ለአምስቴ ነግሬው መጣሁ። ዛፎቹ ጠምቷቸዋል።»

ቱየት መጋጧን አቆመች። «ዛሬ በጨረቃ ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት። የሁለተኛው ወር።»

ቱየት ቀና ብላ በመትከያው ምሰሶ ላይ የታሰረችውን ባንዲራ አየች። ባንዲራዋ ከባሕሩ በኩል በሚመጣው ነፋስ ተወጥራ ትርገበገባለች። ከዚያም ጀልባው ሲደርስ ብድግ ብላ ድስቱን ተቀበለቻቸውና፣ የልጅ ልጅዎ ወዳለችበት ዩኒቨርሲቲ መንገዱን ስለማውቀው አብረን እንሂድ አለቻቸው።

እስከ ከተማው ድረስ ሲከራከሩ ሄዱ። አያ ስድስቴ ድል እያደረጉ እንደሆነ ስለተሰማቸው ደስ ብሏቸዋል። ደስታቸው ያበቃው ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዘበኛው ተነሥቶ ለሴትዮዋ «ደህና መጡ ዶክተር» ሲላት ነው። ሽማግሌው ዘበኛውን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ፤ ስለ ማፍጠጥና ስለ ደመወዝ የተናገሩት ነገርም ትዝ አላቸው።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሏት በቅሬታ።

«ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ ያጫውቱኝ ነበር? ይቅር ይበሉኝ አያ ስድስቴ። ጭቃው ግን የእውነት ነው፤ ከወንዙ ዳር ነው የመጣሁት።»

ሉዋ አያቷንና የምርምሩን አለቃዋን ቱየትን አንድ ላይ ሲገቡ ስታይ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማ ቀረች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ስትደነግጥ የእጅጌዋን ጫፍ የምትነክስ ልጅ ናት። ድስቱን ተቀብላ፣ እጅ ነሥታ፣ «አባባ፣ ሊወስዱኝ ነው የመጡት?» አለቻቸው በቀጥታ።

«ልወስድሽ ነው። መጀመሪያ ግን ይቺ ሴት ከበሩ ጀምሮ ሥራዋን ላሳይዎት እያለች ጆሮዬን በልታዋለች። በይ አሳዪኝና እንሂድ።»

ሉዋ ወንበር ሳበችላቸው። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ በነጭ ሜዳ የተዘራ የነጠብጣብ መዓት ብቅ አለ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንድ ገበሬ አንድ ቀን ውሃው ጨው ሆነብኝ ብሎ ለወረዳው የደወለበት ቃል ናት፤ ወንዙ ተከፋፍሎ ባሕር ከሚገባበት ከዴልታው ሁሉ፣ በብዙ ዓመታት የተጠራቀመ። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ወለል ላይ የተደፋ ሩዝ ይመስላል።

«ይህ ነገር ምንም አይልም» አሉ።

«አዎ፣ ምንም አይልም» አለች ሉዋ። «ከኔ በፊት የነበሩትም እንደዚያ ነው ያሉት። ገበሬው በግምት ነው የሚናገረው ብለው ሊጥሉት ነበር። እኔ ለልምምድ የመጣሁ ጊዜ፣ ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ብሎ የተፋቸውን እይ ተብዬ ተሰጠኝ። ብዙዎቹ የተተፉት የሁለተኛ ወር ሠላሳ ስለሚሉ ነው።»

«ታዲያስ? ሠላሳ የለም እንዴ?»

«በመንግሥት ካላንደር የለም አባባ። የነሱ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ላይ ነው የሚያልቀው።»

አያ ስድስቴ ተናደዱ። «በመንግሥት ካላንደር ውሃ የሚቆጥር ገበሬ የት አይተው ያውቃሉ? ወንዙ የሚሰማው ጨረቃን ነው።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ያን ዕለት እሷም ያለችው ይህንኑ ነበር። የተማሩት ሁሉ ቀኑን እንደ መሥሪያ ቤት ቀን አንብበውት፣ የገበሬውን ቃል በሙሉ ከቦታው አፈናቅለውታል። ሉዋ ግን አያቷ አንድም ቀን ከጨረቃ ሌላ ቀን ጠርተው ስለማያውቁ ነገሩ ወዲያው ገባት። ሳምንታት ተቀምጣ፣ የጨረቃን ቀን አንድ በአንድ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚጨመረውን ትርፍ ወር እንኳ የማይረሳ ትእዛዝ በኮድ ጻፈች። በእጅ ቢሠራ ብዙ ሰው ብዙ ዓመት ይፈጅበት ነበር።

«እንግዲህ ይመልከቱ» አለችና አንድ ቁልፍ ነካች።

ነጠብጣቦቹ ተንቀሳቀሱ። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ ሁሉም የየራሱን ቦታ ፍለጋ ሄደ። ተረጋግተው ሲቆሙ በነጩ ሜዳ ላይ ቀጥ ያሉ ጥቁር ማዕበሎች ተሰልፈው ነበር፤ በየሙሉ ጨረቃው አንድ፣ ጨረቃ በምትጠፋበት በየጨለማው አንድ፣ ከዓመት እስከ ዓመት። ያ ሁሉ የማይተዋወቅ ሰው፣ ካ ማው ያለው ሽሪምፕ አርቢ፣ ቤን ቼ ያለችው የኮኮናት ባለቤት፣ እያንዳንዱ በየጓሮው ብቻውን ያየውን ተናግሮ፣ ተደማምሮ የባሕሩን ትንፋሽ ሥሏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ነው።

አያ ስድስቴ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ወደ መስኮቱ ዘረጉ፤ ሊነኩት ፈርተው መለሱት። በቤተ መቅደስ በር ላይ እንደሚያደርጉት ኮፍያቸውን አወለቁ። ማውለቃቸውን እንኳ አላወቁም።

«ማንም አልዋሸም» አሉ ቀስ ብለው።

«ማንም አልዋሸም አባባ።»

ይሁን እንጂ አያ ስድስቴ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ደሴት ላይ ሰባ ዓመት ባልኖሩ። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ያምራል። አምሮ ሳለ ግን፣ ውሃ በሙሉ ጨረቃና በጨለማ እንደሚሞላ እኔ በጡት ሳለሁ አውቀዋለሁ። የአሥራ አምስቱ ሙላት አልፏል። ያን ሁሉ ኮድ ጽፈሽ የነገርሽኝ አያቴ የነገረኝን ነው።»

ሙግቱ ደህና ሙግት ነበር። ቱየት ሳትቀር በልቧ አደነቀችው። ሉዋ ግን መልሱን ከመስኮቱ ላይ አወጣች። ዴልታውን በየሰፈሩ ከፈለችውና የራሳቸውን ደሴት ብቻ አስቀረች። የጨው ነጠብጣቦች በአሥራ አምስት ላይ ጥቂት ናቸው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት እያሉ ይበዙና፣ በበጋው አጋማሽ ከባሕር ነፋስ በነፈሰባቸው ዓመታት ሁሉ አሥራ ስምንት ላይ ተጨናንቀው ይጠቁራሉ።

«ጨው ከሙላቱ ጋር እኩል አይመጣም፤ ከኋላው ነው የሚከተለው» አለች። «ነፋሱ ሲያግዘው እኛ ደሴት የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ሰው ሙላቱ አለፈ ብሎ በሩን ይከፍታል። ጠዋት ላይ ወንዙ ቁልቁል ስለሚወርድ ጣፋጭ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ውሃ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ በዕድሜው ይህን ያየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ አልተያያዘለትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የታየው።»

«ጨው ከሆነ እቀምሰዋለሁ።»

«ይቀምሱታል?»

«ምላሴ አይስተውም።»

ሉዋ አለቃዋን ቀና ብላ አየች፤ ቱየትም ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ወደ ጓዳው ገብታ በሦስት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰች። አያቷን በሰው ፊት መፈተን ለዚያ አገር ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን አምስቴ ሎክ ዛሬ የቦዩን በር እንደሚከፍት ቱየት ገና ሲገቡ ሹክ ብላታለች፤ የቀረውም ጊዜ አጭር ነው።

አያ ስድስቴ እንደ ዳኛ ተስተካክለው ሦስቱንም ቀመሱ። የመጀመሪያውን ጎንጨት አድርገው በጉንጫቸው አዟዟሩት። ሁለተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ቀመሱና ብርጭቆውን በእርካታ አስቀመጡ።

«ሦስቱም ጣፋጭ ነው» አሉ። «ልታታልሉኝ ፈልጋችሁ ነበር።»

ሉዋ እስክሪብቶ የምታህለውን መለኪያ በየብርጭቆው ነክራ አሳየቻቸው። የመጀመሪያው ዜሮ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ጨው አለበት። በሦስተኛው ውስጥ ለአንድ ሊትር አንድ ግራም የሚሆን ጨው ነበር፤ ለዱሪያን ሥር የዚህ ግማሽም ይከብደዋል።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። የወንዙ ጨው ግን የሚያስፈራው ሳይጣፍጥ ሲቀር ነው፤ ሰው ሳያውቀው ገብቶ ዛፉን ይገድለዋል። አያ ስድስቴ ሦስተኛውን ብርጭቆ አንሥተው እንደገና ቀመሱ፤ እንደገናም ቀመሱ። ሽማግሌው ምላሳቸውን እንደሚያምኑት ሰው አምነው አያውቁም ነበር። ዓሣ መረቅና ትምባሆ ሲያሳልፍ የኖረው ያ ምላስ አሁን ዝም አላቸው።

«አጃጃለኝ» አሉ።

ስልካቸውን አወጡ። አምስቴ ሎክ ሲያነሣ፣ በዚያ ማዶ የውሃ ድምፅና የዳክዬ ጩኸት ይሰማል።

«አምስቴ፣ ከፈትከው?»

«ልከፍት ነው፤ ውሃው ተነሥቷል። ዛፎችህ እንዴት ደስ እንደሚላቸው ብታይ።»

«አትክፈት።»

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ፤ ጠዋት ማር ነው አላልክም? እኔም እኮ ቀመስኩት፤ ደህና ነው።»

«አንገትህ ላይ ያንጠለጠልካትን ነገር ነክረህ ደውልልኝ። ከምላሴ አትስማ።»

ጠበቁ። ቱየት ለሦስቱም ሩዝ አቀረበች፤ ድስቱም ተከፈተ፤ ማንም ግን አልበላም። ሽማግሌው በነጠብጣቦቹ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ተቀምጠዋል። ለዘበኛ ብቻ የተውትን ሥራ እሳቸውም ያዙት ማለት ነው፤ አሁን ግን የሚቀልድ አልነበረም። ጨው ካልመጣ ዛፎቹ በጥማት ይጎዳሉ፤ የልጅቱም ሥዕል ከንቱ ይሆናል። ከመጣ ደግሞ አርባ ዓመት ያመኑበት ነገር ይፈርሳል። የትኛው እንዲሆን እንደሚመኙ ራሳቸውም አያውቁም ነበር።

ስልኩ ጮኸ። የአምስቴ ሎክ ድምፅ ቀዝቅዟል። ውሃው ከበሩ ውጭ በሊትር ሁለት ግራም ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ገና እየጨመረም ነው። እኔም የራሴን ልከፍት ነበር እኮ፣ ብቻ አንተ ከተማ ተቀምጠህ ይህን እንዴት አወቅከው፣ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አላወቅኩትም» አሉ አያ ስድስቴ። «ሉዋ ናት ያወቀችው። እሷም ብቻዋን አይደለችም፤ ሁላችንም ነን። ሄደህ ለታችኛው ሰፈር ሰዎች ንገራቸው፤ ሩጥ።»

ከዚያም ተነፈሱና፣ ሳይቀመጡ ለልጃቸው፣ የባንኩን ቦታ ላዘጋጀው ለሉዋ አጎት ደወሉ። ያ ሰው ቅር እንደሚለው ያውቁ ስለነበር ረዘም አድርገው አስረዱት። ሰው ብር ለመቁጠር አይጠፋም አሉት። ውሃውን፣ ነፋሱን፣ በሽታውን፣ የዓሣውን መሄጃ ለሕዝቡ ቆጥሮ ቀድሞ የሚነግር ሰው ነው የጠፋው። ገበሬ ለጠያቂ የሰጠው ቃል የት ገባ ስንል የነበርነው፣ ቃላችንን የሚያነብልን የራሳችን ልጅ እዚያ ስላልነበረ ነው። ኮድ የሚጽፍ ብቻ ቢሆን ጨረቃን አያውቅም ነበር፤ ጨረቃን የሚያውቅ ብቻ ቢሆን ደግሞ እንደ እኔ በምላሱ ይቀር ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘች ልጅ ከቤታችን ወጥታ ሳለ የደንብ ልብስ አልብሰን መስኮት ጀርባ እናስቀምጣት ትላለህ? ኮንትራቱ ያልቃል አልከኝ፤ ይለቅ፤ እውቀቷ አያልቅም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የደሴታችን ሰው ውሃውን በመለኪያ እየለካ ወደዚህ ይደውላል፤ የማይደውለውን እኔ ራሴ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጨቀጭቀዋለሁ። ይህን ብለው ዘጉት፤ አጎትየው ምን እንደመለሰ አልታወቀም።

ሉዋ እያለቀሰች ነበር። ቱየት ፊቷን አዙራ በክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ እያየች ቆመች። አያ ስድስቴ ግን ጨርሰው አላበቁም። ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ ሳቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛፎቼ የሞቱበትን ዓመት አውጪልኝ።»

ልጅቷ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

«አውቀሽው ነበር አይደል?» አሏት።

«አውቄው ነበር።»

«በሽታ አልነበረም።»

«አልነበረም አባባ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በገዛ እጅዎ ያጠጧቸው እርስዎ ነዎት። እንዴት አድርጌ ልንገርዎት?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሉዋም ያን ዓመት አወጣችው። ያ በጋ ጥቁር ማዕበሉ ከሌላው ዓመት ሁሉ የወፈረበት ነው። በሁለተኛው ወር አሥራ ስምንተኛው ቀን ላይ በደሴታቸው ዙሪያ ያሉ ሰፈሮች ሁሉ ነጠብጣብ አላቸው። የነሱ ሰፈር ብቻ ባዶ ነው፤ አያ ስድስቴ ያን ቀን ውሃው ጣፋጭ ነው ብለው ለማንም አልደወሉም፤ ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን አይተው ከፈቱ። ሽማግሌው ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ኀዘን ነበረ፤ ከኀዘኑ በላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር ፊት የቆመ ሰው ፀጥታ ነበረ።

«ጻፊው» አሉ።

«ምን ልጻፍ?»

«የሁለተኛው ወር አሥራ ስምንት፣ በጨረቃ። ስድስቴ ኪየም ቀመሰ፤ ጣፋጭ ነው ብሎ በሩን ከፈተ፤ ዛፎቹ ሞቱ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። ሌላው ሰው እንዲያየው።»

ሉዋ መነጽሯን ጠርጋ ጻፈችው፤ ኋላ ላይ የተነገረ መሆኑንም ጎን ለጎን አሰፈረች። ከባዶው ቦታ መካከል አንዲት ነጠብጣብ ወጣች። አያ ስድስቴ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አጠገቧ አደረጉ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አሉ።